ኢየሩሳሌም፣ በይተል መቅዲስ፣ አል-ቁድስ፦ የአንዲት ከተማ ስሞች



አላህ (ሱ.ወ.) አባታችንን አደምን (ዐ.ሰ.) ስሞችን እንዳስተማራቸው በሱረቱል በቀራ ተገልጾልናል። መላእክት ያላወቁትን ስም አደም (ዐ.ሰ.) ሲናገሩ የሰው ልጅ በዕውቀት ያገኘው ክብር ታየ። ስለዚህ የስምን ምንነት መጠየቅ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም፤ ከመጀመሪያው የሰው ልጅ የወረስነው ትምህርት ነው። ነገር ግን በየቀኑ ከምንጠራቸው ስሞች መካከል ትርጉማቸውን ጠይቀን ያወቅናቸው ስንቶቹን ነው?

ሩቅ ሳንሄድ የምናስተምርበትን ሰፈር እንውሰድ። የታክሲ ረዳቱ «ልደታ! ልደታ!» እያለ ሲጣራ ሁላችንም እንሳፈራለን፤ ስሙን ግን ልብ አንለውም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቃሉ ግዕዝ ሲሆን «መወለዷ፣ ልደቷ» ማለት ነው። ታዲያ ይህ ቃል ለሙስሊም ጆሮ ባዕድ ነውን? በፍጹም አይደለም። «መውሊድ» ስንል የምንጠቀምበት የዐረብኛ ሥር «ልደት» ከሚለው የግዕዝ ሥር ጋር አንድ ነው። በዐረብኛም በግዕዝም «ወለደ» ይባላል፤ በዕብራይስጥ ደግሞ «ያለድ» ይሆናል። ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

የተወለዱትስ ማን ናቸው? መርየም (ዐ.ሰ.) ናቸው። እናታቸው በማሕፀናቸው ያለውን ለአላህ አገልግሎት እንደተሳሉ፣ ሴት ልጅ በወለዱ ጊዜ ያሉትን፣ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አሳዳጊ ሆነው ወደ ሚሕራባቸው በገቡ ቁጥር ሲሳይ ያገኙ እንደነበር ሱረቱ አሊ ዒምራን ይተርክልናል። ሙፈሲሮች ይህ ሚሕራብ የነበረው በበይተል መቅዲስ መሆኑን ይናገራሉ። እንግዲህ የሰፈራችን ስም እጃችንን ይዞ ወደዚያች ከተማ ወሰደን ማለት ነው። የዛሬው ርዕሳችንም የከተማይቱ ስም ነው።

የጥያቄው መነሻ

ልጆቻችን ይህችን ከተማ በብዙ ስሞች ይሰሟታል። የታሪክ መምህራቸው «ኢየሩሳሌም» ይላሉ። ኡስታዛቸው «በይተል መቅዲስ» ይላሉ። በዐረብኛ ዜና ውስጥ «አል-ቁድስ» ትባላለች። አንዳንዱ ልጅ ሦስት ከተሞች ይመስሉታል። ሌላው ደግሞ አንዲት ከተማ መሆኗን ያውቅና ስሞቹን ለሁለት ከፍሎ «ይህ የእኛ፣ ያ የእነርሱ» ይላል።

በምናስተምርበት አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞናል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ወጣት በደብተሩ ላይ «ኢየሩሳሌም» የሚለውን ቃል ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በእስክሪብቶ ሰርዞ ከላዩ «አል-ቁድስ» ብሎ ጻፈ። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ያኛው የእነርሱ ስም ነው» አለ። ከአጠገቡ የተቀመጠችው ተማሪ በአንድ ግቢ አብራው ያደገች የክርስቲያን ጎረቤት ልጅ ነበረች። ስሟም እየሩሳሌም ነው። «ስሜን ነው እንዴ የሰረዝከው?» አለችው። ልጁ መልስ አልነበረውም። ነገሩ ከክፍል ወደ ግቢው ተሻገረ፤ ለሳምንት ያህልም የሁለቱ ቤት ቡና ለየብቻ ተጠጣ። የልጁ እናት መጥተው «ኡስታዝ፣ እውነት ይህን ስም መጥራት ለሙስሊም ነውር አለው? የልጅቷን ስም እኮ እኔ ራሴ ከሕፃንነቷ ጀምሬ ስጠራው ኖሬያለሁ» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። ከዚያች ከተማ የሚመጣው ዜና በከበደ ቁጥር በስሞቹ ላይ ያለው ቁጣም ይከብዳል። ስለዚህ ስሙ ከየት እንደመጣ ረጋ ብለን እንመልከት።

ከዳውድ (ዐ.ሰ.) ዘመን በፊት የነበረ ስም

ብዙዎቻችን «ኢየሩሳሌም» ዕብራውያን ያወጡት ስም ይመስለናል። የተቆፈሩት ቅርሶች የሚነግሩን ግን ሌላ ነው። ከ3800 ዓመታት በፊት ገደማ የግብጽ ሰዎች የጠላቶቻቸውን አገርና አለቆች ስም በሸክላ ላይ ጽፈው ይረግሙና ሸክላውን ይሰብሩ ነበር። ከእነዚህ ስሞች አንዱ «ሩሻሊሙም» ተብሎ የሚነበብ ሲሆን ብዙ ሊቃውንት ይህችው ከተማ መሆኗን ይቀበላሉ።

ከዚህ ይበልጥ ግልጽ የሆነው ማስረጃ በ1887 እ.ኤ.አ. በግብጽ ምድር ቴል ኤል-ዐማርና በሚባል ቦታ የተገኘው የሸክላ ደብዳቤ ክምችት ነው። ደብዳቤዎቹ ከዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ናቸው። ከመካከላቸው አብዲ-ሄባ የተባለ የከተማይቱ ገዥ ለፈርዖን የላካቸው ይገኛሉ። ገዥው ከጠላት የሚታደገው ወታደር እንዲላክለት ይማጸናል። ከተማውንም «ኡሩሳሊም» ብሎ ይጠራል።

ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) በከተማይቱ የነገሡት ከዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት በፊት በ1000 ዓመት ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ ስሙ ከእርሳቸው ቢያንስ 300 ዓመት ይቀድማል፤ የሸክላው እርግማን ከተቆጠረ ደግሞ 800 ዓመት ገደማ ይሆናል። የእስራኤል ልጆች ስሙን አገኙት እንጂ አላወጡትም። በቋንቋቸውም «የሩሻላዪም» ብለው ጠሩት። በዕብራይስጥ መጻሕፍታቸው ውስጥ ከ600 ጊዜ በላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ለሙሳ (ዐ.ሰ.) በሚሰጡት በአምስቱ የኦሪት መጻሕፍት ውስጥ «ኢየሩሳሌም» የሚለው ስም አንድም ቦታ አይገኝም። በኦሪት ዘፍጥረት በኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ታሪክ ውስጥ የመልከ ጼዴቅ አገር «ሳሌም» ተብላ ትጠቀሳለች፤ ብዙዎች ይህችው ከተማ ናት ይላሉ። በቅዱስ ቁርኣንም ከተማይቱ በስሟ አልተጠቀሰችም። በሱረቱል ኢስራእ መጀመሪያ የተጠቀሰው ዙሪያው የተባረከው መስጂደል አቅሷ ነው፤ በሱረቱል ማኢዳ ደግሞ የተቀደሰችው ምድር ተወስታለች። ክብሩ የተሰጠው ለቦታው ነው፤ ስሙ ከሰዎች አፍ የመጣ ነው።

ትርጉሙስ ምንድን ነው?

ስሙ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል «መሠረት መጣል» የሚል ትርጉም ካለው ጥንታዊ ሥር የመጣ ነው የሚለው በሊቃውንት ዘንድ የተለመደ አስተያየት ነው። ሁለተኛው ክፍል «ሻሊም» ነው። ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶርያ ጠረፍ ራስ ሻምራ ላይ በተገኙት ጽሑፎች ውስጥ ሻሊም ከነዓናውያን ያመልኩት የነበረ የምሽት ጣዖት ስም ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የስሙ የጥንት ትርጉም «የሻሊም መሠረት» ሊሆን ይችላል ይላሉ።

«ታዲያ ልጁ ልክ ነበር! የጣዖት ስም ከሆነ ይሰረዝ!» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥቂት እንታገሥ። የጣዖቱ ስም ራሱ የተገኘው ሰ-ለ-መ ከሚለው ሥር ነው። ይህ ሥር በመጀመሪያ ትርጉሙ «መሟላት፣ መፈጸም፣ ደኅና መሆን» ማለት ነው። ምሽት ቀን የሚፈጸምበት ሰዓት ስለሆነ ስሙን ከዚያ ወሰዱ። ሥሩ ግን የጣዖት አምላኪዎች ንብረት አይደለም። በዐረብኛ «ሰላም»፣ «ኢስላም»፣ «ሙስሊም» የሚሉት ከዚሁ የወጡ ናቸው። በዕብራይስጥ «ሻሎም»፣ በግዕዝና በአማርኛ «ሰላም» ይባላል።

የዕብራይስጡ «ሸ» በዐረብኛና በግዕዝ «ሰ» መሆኑ በዘፈቀደ አይደለም። እኛ «ስም» የምንለውን ዐረቡ «ኢስም»፣ ዕብራዊው «ሼም» ይለዋል። «ራስ» የምንለውን ዐረቡ «ረእስ»፣ ዕብራዊው «ሮሽ» ይላል። «ልሳን» ደግሞ በዐረብኛ «ሊሳን»፣ በዕብራይስጥ «ላሾን» ነው። እንዲህ ድምፅም ትርጉምም በሥርዓት ሲገጣጠሙ ዝምድናው እውነተኛ ነው እንላለን።

ያን ጊዜ ለሁለቱ ተማሪዎች የሰጠናቸው የቤት ሥራ ከዚሁ ሥር የወጡ ቃላትና ስሞች በጋራ ሰብስበው እንዲያመጡ ነበር። በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው መጡ። እርሱ «ሙስሊም»፣ «ተስሊም»፣ «ሱለይማን» ብሎ ነበር። እርሷ «ሰላምታ»፣ «አባ ሰላማ»፣ «ሰሎሞን» ብላ ነበር። ከወረቀቱ ግርጌ «ሱለይማን» እና «ሰሎሞን» የአንድ ነቢይ ስም መሆኑን ራሳቸው አስተውለው በመስመር አገናኝተውት አየን።

እያንዳንዱ ሕዝብ በራሱ ጆሮ ሰማው

የስም ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ይህ ስም በደረሰበት ሁሉ ሰዎች የየራሳቸውን ቋንቋ ሰምተውበታል። የአይሁድ ሊቃውንት ከፊሎቹ ሁለት ነቢያዊ ስሞች ተገጣጥመው ነው አሉ፤ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ቦታውን «ይርኤ» ማለትም «ያያል» ብለው ሰየሙት፣ የኑሕ (ዐ.ሰ.) ልጅ ሴም «ሻሌም» አለው፣ ሁለቱን ለማስደሰት ስሙ ተጣመረ የሚል ትረካ አላቸው። ግሪኮች በበኩላቸው «ሂየሮሶሊማ» ብለው ጻፉት፤ «ሂየሮስ» በቋንቋቸው «ቅዱስ» ማለት ስለሆነ ቅድስና ሰሙበት። ከጊዜ በኋላ ደግሞ «የሰላም ከተማ» የሚለው ትርጓሜ በሁሉም ዘንድ ተወደደ።

ቋንቋ አጥኚው «ይህ የጥንቱ ትርጉም አይደለም» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሕዝብ ከስም ውስጥ የሚሰማው ነገር የሚመኘውን ያሳያል። ያቺ ከተማ ስንት ጊዜ ተከብባለች፣ ስንት ጊዜ ፈርሳለች! ሰዎች ግን ከስሟ ውስጥ ሰላምን መስማት አላቋረጡም።

ሙስሊሞች ምን ብለው ጠሯት?

በሮማውያን ዘመን ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን በ130 እ.ኤ.አ. ገደማ ከተማይቱን እንደ አዲስ ሠርቶ ስሟን «ኤሊያ ካፒቶሊና» አላት። «ኤሊያ» ከራሱ የቤተሰብ ስም፣ «ካፒቶሊና» ደግሞ ሮማውያን ያመልኩት ከነበረው ጁፒተር ከተባለው ጣዖት የተወሰደ ነው። ይህ ስም በዐረቦች ዘንድ «ኢሊያእ» ሆነ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልእክት ለሮማው ንጉሥ ለሂረቅል በደረሰ ጊዜ ንጉሡ በኢሊያእ እንደነበረ በቡኻሪ በተዘገበው የአቡ ሱፍያን ሐዲስ ውስጥ እናገኛለን።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በ637 ወይም በ638 እ.ኤ.አ. ከተማይቱን በሰላም ሲረከቡ ለነዋሪዎቹ የደኅንነት ቃል ኪዳን ሰጡ። አጥ-ጠበሪ በታሪክ መጽሐፋቸው ባሰፈሩት መሠረት ቃል ኪዳኑ የተሰጠው ለኢሊያእ ሰዎች ነው፤ ሕይወታቸው፣ ንብረታቸውና አብያተ ክርስቲያናቸው እንደማይነካ ይገልጻል። አስተውሉ! ዑመር (ረ.ዐ.) በጣዖት አምላኪ ንጉሥ የተሰየመውን ስም «ካልቀየርኩ» ብለው አልተነሡም። ሰዎቹ በሚያውቁት ስም ጠርተው መብታቸውን ጻፉላቸው።

ይህ ማለት በኢስላም ስም አይቀየርም ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሥሪብን መዲና ብለዋል። «ዓሲያ» ማለትም «አመፀኛ» የምትባለውን ሴት «ጀሚላ» ብለው ሰይመዋል። የጣዖት ባሪያ የሚል ትርጉም ያላቸውን የሰው ስሞችም ለውጠዋል። ያቀኑት ትርጉሙ በሕይወት ያለና ባለቤቱን የሚያዋርደውን ወይም ሺርክን የሚያውጀውን ነው። በሌላ በኩል የሶፋና የመርዋን ጉዳይ እናስታውስ። በጃሂሊያ ዘመን በሁለቱ ኮረብታዎች ላይ ጣዖት ይመለክ ስለነበር አንዳንድ ሶሐባዎች በመካከላቸው መመላለሱን ፈሩት። የሱረቱል በቀራ 158ኛው አንቀጽ ሲወርድ ግን ቦታዎቹ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸው ተነገራቸው። የቀደሙ ሰዎች ስሕተት ቦታውን አላረከሰውም፤ ስሙንም አላስቀየረውም።

ከዚህ ሌላ ሙስሊሞች ከተማይቱን «በይተል መቅዲስ» ብለው ይጠሯታል። ሙስሊሞች መዲና ከገቡ በኋላ 16 ወይም 17 ወራት ወደ እርሷ ዞረው ሰግደዋል። ይህ ስም ከዕብራይስጡ «ቤት ሃ-ሚቅዳሽ» ጋር አንድ ነው። የአማርኛ አንባቢ ደግሞ ተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ሲሰማው «ቤተ መቅደስ» መሆኑን ያውቃል። ሦስቱ ቋንቋዎች ያንኑ ቤት በእነዚያው ሁለት ቃላት ጠርተውታል። በአባሲዮች ዘመን እየተለመደ የመጣው «አል-ቁድስ» የሚለው ስምም ከዚሁ ቀ-ደ-ሰ ከሚለው ሥር ነው። በዕብራይስጥ «ዒር ሃ-ቆዴሽ» ማለትም «የቅድስና ከተማ» የሚል መጠሪያ አላት።

እንግዲህ ወጣቱ «ኢየሩሳሌም»ን ሰርዞ «አል-ቁድስ» ሲጽፍ አንዱን ዘመድ ገፍቶ ሌላውን ዘመድ ማስቀመጡ ነበር። አንደኛው ሥር ሰላም ነው፤ ሁለተኛው ሥር ቅድስና ነው። ሱረቱል ሐሽርን እስከ መጨረሻው የሐፈዘ ልጅ ደግሞ በ23ኛው አንቀጽ ከአላህ ውብ ስሞች መካከል «አል-ቁዱስ» እና «አስ-ሰላም» ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ያውቃል።

በሀገራችንስ?

ይህ ስም በኢትዮጵያ ምድርም ሥር ሰዷል። በአማራ ክልል በላሊበላ የሚፈሰው ወንዝ «ዮርዳኖስ» ይባላል፤ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ መካከልም «ጎልጎታ» እና «ደብረ ሲና» የሚባሉ አሉ። ሩቅ የሆነችባቸውን ከተማ በስም አምጥተው ከአጠገባቸው አኖሯት።

በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች በዓመት አንድ ቀን በጾም ወደ ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይጸልዩ ነበር። በዓሉ «ስግድ» ይባላል። በ2008 እ.ኤ.አ. በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል። ቃሉ ግዕዝ ነው፤ «ሰገደ» ከሚለው የመጣ ነው። የዐረብኛው «ሰጀደ»፣ «ሱጁድ» እና «መስጂድ»ም ከዚሁ ሥር ናቸው። እነርሱ «ስግድ» ሲሉ እኛ «መስጂድ» ስንል አንዱን ቃል ከሁለት ጫፍ ይዘነዋል ማለት ነው።

በዚያችው ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያ መነኮሳት ለረጅም ዘመን የኖሩበት ገዳም በዓለም ዘንድ የሚታወቀው «ዴር ሱልጣን» በሚል ስም ነው። ይህም ዐረብኛ ሲሆን «የሱልጣን ገዳም» ማለት ነው። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ገዳሙን በዐረብኛ ስም ሲጠራ ሃይማኖቱን አልቀየረም። ሙስሊሙም «ኢየሩሳሌም» ቢል ከዲኑ የሚጎድልበት ነገር የለም። ለእናትየዋ የሰጠነው መልስ በአጭሩ ይኸው ነበር። ፈትዋ መስጠት የዑለሞች ሥራ ነው፤ እኛ የቋንቋውንና የታሪኩን ምስክርነት አቀረብን።

ስም የይዞታ ደብተር አይደለም

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። ስምን መሰረዝ ስሕተት እንደሆነ ሁሉ ስምን የባለቤትነት ማስረጃ ማድረግም ስሕተት ነው። «ስሙ በቋንቋችን ነውና ቦታው የእኛ ብቻ ነው» የሚል ሰው ከየትኛውም ወገን ቢመጣ የአብዲ-ሄባ ሸክላ ይመሰክርበታል። ስሙ ዛሬ ከሚከራከሩበት ሕዝቦች ሁሉ ይቀድማል። የነዋሪ መብት የሚጠበቀው በስም አመጣጥ ሳይሆን በፍትሕ ነው። ቤቱ የፈረሰበት፣ ልጁ የሞተበት ሰው ሐዘኑ በቃላት ጥናት አይለካም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን አሁንም የዑመር (ረ.ዐ.) ሥራ ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ፓትርያርክ የነበሩት ሰዒድ ኢብን በጥሪቅ እንደጻፉት የሶላት ሰዓት ሲደርስ ዑመር (ረ.ዐ.) በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲሰግዱ ተጋበዙ፤ እርሳቸው ግን ወጥተው ከደጁ ደረጃ ላይ ሰገዱ። ምክንያታቸውንም ሲናገሩ፣ ውስጥ ብሰግድ በኋላ የሚመጡ ሙስሊሞች «ዑመር የሰገደበት ነው» ብለው ቤቱን ይወስዱባችኋል የሚል ነበር። ታሪኩን የጻፉልን ክርስቲያን መሆናቸውን ልብ ይሏል። ዑመር (ረ.ዐ.) የከተማይቱን ስም አልተረጎሙም፤ በተግባር አሳዩት። ሰላሙንም ቅድስናውንም በአንድ እርምጃ ጠበቁ።

ለወላጆችና ለወጣቶች

በመጀመሪያ፣ ልጆቻችን የሚማሩባቸው ሁለቱ ቦታዎች፣ መድረሳውና ትምህርት ቤቱ፣ ጠላቶች አለመሆናቸውን እናሳያቸው። ወረቀት ላይ ሦስት ዐምድ አስምረን ዐረብኛ፣ ግዕዝና ዕብራይስጥ እንበል። ሰላምን፣ ቅዱስን፣ ቤትን፣ ስግደትን፣ ልደትን አንድ በአንድ እንሙላ። በመድረሳ ሦስት ፊደላትን ሥር ብሎ መለየት የተማረ ልጅ ይህን በቀላሉ ይሠራዋል።

ሁለተኛ፣ በዙሪያችን ያሉትን ስሞች እንጠይቅ። ከልደታ በጦር ኃይሎች በኩል አልፈን የምንሄድበት «ቤተል» የዕብራይስጥ ስም ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) ሕልም ያዩበት፣ ቀድሞ «ሎዛ» ይባል የነበረው ቦታ ነው። «ቤት» ቤት ነው፤ «ኤል» አምላክ ነው። በትርጉም ከ«በይቱላህ» ጋር ይገናኛል። ቢሾፍቱ ለብዙ ዓመታት የተጠራችበት «ደብረ ዘይት» ደግሞ ከበይተል መቅዲስ በስተ ምሥራቅ ያለው የወይራ ተራራ ስም ነው፤ ዐረቦች «ጀበል ዘይቱን» ይሉታል።

ሦስተኛ፣ ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ዝምድና አንፍጠር። በየመንገዱና በየስልኩ «ይህ ስም እኮ ከእኛ ቃል የመጣ ነው» የሚል ብዙ ወሬ ይዞራል። ትርጉሙ ይገጥማል ወይ? የድምፁ ለውጥ በሌሎች ቃላትም ይታያል ወይ? ከዚህ ቀደም የተጻፈ ማስረጃ አለ ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያለፈውን ብቻ እንቀበል።

አራተኛና ዋነኛው፣ የሰውን ስም በአክብሮት እንጥራ። እየሩሳሌም፣ ቤተልሔም፣ ጽዮን የሚባሉ ጎረቤቶች አሉን፤ እነርሱም ዘከሪያን፣ መርየምን፣ ሱለይማንን ይጠራሉ። ስማቸውን በቀና አንደበት የምንጠራላቸው ሰዎች በችግራችን ቀን በራችንን የሚያንኳኩ ናቸው።

በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ ሌላ ስም ይዘን እንቀርባለን። አንባቢዎቻችን በየሰፈራችሁ ያለውን፣ ትርጉሙን ማወቅ የምትፈልጉትን የቦታ ስም ጻፉልን። አላህ ዕውቀታችንን የሚጠቅመን ያድርገው፤ ለዚያች ከተማና ለነዋሪዎቿ፣ ለሀገራችንም የስሟን ትርጉም ይስጣቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።